ገርቲ ኮሪ እና የካንሰር ሕመምተኛ የሚከሳበት ምክንያት

በዚህች ጽሑፍ ስለ አንዲት ሳይንቲስት ሕይወት ላወጋችሁ ነው። ስሟን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሷን ግን ብዙዎቻችን አናውቃትም።

የባዮኬሚስትሪ ኮርስ ወስዶ የኮሪ ዑደትን ያልሸመደደ ተማሪ የለም። ከጡንቻ ላክቲክ አሲድ ይወጣል፣ በደም ወደ ጉበት ይሄዳል፣ ጉበት ግሉኮስ አድርጎ ይሠራዋል፣ ግሉኮሱም ተመልሶ ወደ ጡንቻ ይገባል። ቀስቶቹን በክብ እንስላለን፣ ፈተና ላይ እናሰፍራቸዋለን፣ ከአዳራሹ ስንወጣ እንረሳቸዋለን። ኮሪ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ለረጅም ጊዜ ኮሪ የሚባለው አንድ ሽበታም ወንድ ፕሮፌሰር ይመስለኝ ነበር። ኮሪ ባልና ሚስት መሆናቸውን፣ ሚስትየዋም በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት መሆኗን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

እንድጠይቅ ያደረገኝ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት በካንሰር ታማ ቤታችን ተኝታ ነበር። እናቴ ጠዋት አጥሚት፣ ቀን ሾርባ፣ ማታ እርጎ ይዛ ስትመላለስ፣ አክስቴ ሁለት ጊዜ ቀምሳ ትተወው ነበር። የበላች ቀን እንኳን አንድ ኪሎ አልጨመረችም። ጉንጯ ገባ፣ ክንዷ ቀጠነ፣ የእጅ ሰዓቷ እየወለቀ አስቸገረ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ደግሞ ምን እንደምትበላ ይጠየቃል፤ ጥያቄው በእናቴ ላይ እንደ ወቀሳ ያርፍ ነበር። አክስቴ ካረፈች ዓመታት ቢያልፉም እናቴ ዛሬም ድረስ በደንብ ስላላበላኋት ነው የከሳችው ብላ ታምናለች። ታዲያ መልሱን የት ላግኘው ብዬ ስፈልግ፣ አንዱ ጫፍ በዚያው በሸመደድኩት ክብ ሥዕል ላይ ተገኘ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስኳር ባለሙያው ልጅ

ገርቲ ቴሬዛ ራድኒትዝ ኦገስት 15 ቀን 1896 በፕራግ ከተማ ተወለደች። ፕራግ ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ትሁን እንጂ ያን ጊዜ በኦስትሮ-ሃንጋሪ ግዛት ሥር ነበረች። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነው። አባቷ ኦቶ ራድኒትዝ ኬሚስት ሲሆን የስኳር ማጣሪያ ፋብሪካዎችን ያስተዳድር ነበር። ልጅቷ ዕድሜ ልኳን የተመራመረችው ስኳር በሰውነት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ መሆኑን ስናስብ፣ ነገሩ ከቤት የጀመረ ይመስላል። ከሦስት እህትማማቾችም የመጀመሪያዋ እሷ ነች።

እስከ 10 ዓመቷ በቤት ውስጥ ተማረች፤ ከዚያም የሴቶች ትምህርት ቤት ገባች። የዚያ ዘመን የሴቶች ትምህርት ቤት ዓላማው ጥሩ ጠባይና ጨዋታ አዋቂ ሴት ማውጣት እንጂ ለዩኒቨርሲቲ ማዘጋጀት አልነበረም። የሕፃናት ሕክምና ፕሮፌሰር የነበረው አጎቷ ግን ሐኪም እንድትሆን አበረታታት። 16 ዓመት ሲሆናት ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ላቲን፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ እንደሌላት ታወቀ። የላቲኑ ብቻ የስምንት ዓመት ትምህርት ነው፤ የሒሳቡና የሳይንሱ ደግሞ የአምስት አምስት ዓመት። ገርቲ ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት አካባቢ አጥንታ ጨረሰችው። በ1914 የመግቢያ ፈተናውን አልፋ በፕራግ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማጥናት ጀመረች። በጊዜው ሕክምና የምታጠና ሴት በጣት የምትቆጠር ነበረች።

እዚያው ዩኒቨርሲቲ ካርል ኮሪ ከሚባል የክፍል ጓደኛዋ ጋር ተዋወቀች። ሁለቱም ተራራ መውጣት ይወዳሉ፣ ሁለቱም ቤተ ሙከራ ይወዳሉ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ካርል ለውትድርና ተወሰደ፤ ተመልሶ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1920 ሁለቱም ተመረቁ፣ በዚያው ዓመት ቪየና ውስጥ ተጋቡ። አይሁዳዊት ማግባቱ የሥራ ዕድሉን ያበላሽበታል ብለው የካርል ቤተሰቦች ሠግተው ነበር። ገርቲ ወደ ካቶሊክ እምነት ተቀየረች፤ ሆኖም በዚያ ዘመን አውሮፓ ሃይማኖት መቀየር ብቻውን የሚያድን አልነበረም።

በቪየና ያየችው ረሃብ

ገርቲ ቪየና ውስጥ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ሥራ ጀመረች፤ የታይሮይድ ዕጢ በሰውነት ሙቀት ላይ ያለውን ሚናም ታጠና ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከተማዋ ምግብ አጥታለች። ሠራተኛው የሚበላው በቂ ስላልነበረ ገርቲ በቪታሚን ኤ እጥረት የሚመጣ የዓይን ሕመም ያዛት። ወደ ወላጆቿ ወደ ፕራግ ሄዳ በደንብ ስትበላ ተሻላት።

እባካችሁ ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። የምግብ እጥረት ያመጣው ጉዳት ምግብ ሲገኝ ይስተካከላል። ጤነኛ ሰው ሲራብ ሰውነቱ ቁጠባ ይጀምራል፤ የሚያወጣውን ጉልበት ይቀንሳል፣ መጀመሪያ ስቡን ይጠቀማል፣ ጡንቻውን በተቻለ መጠን ይቆጥባል። ምግብ ሲያገኝ ደግሞ ክብደቱ ይመለሳል። የካንሰር ሕመምተኛ መክሳት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የጽሑፌም ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ ነው።

ካርል በዚያን ጊዜ በግራዝ ከተማ ሥራ ለማግኘት የአይሁድ ዘር የሌለበት መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። ባልና ሚስቱ አውሮፓ ለእነሱ እንደማትሆን ገባቸው። በ1922 ካርል በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ ከተማ በሚገኝ የካንሰር ምርምር ተቋም ሥራ አገኘና ሄደ። ገርቲም ከስድስት ወር በኋላ ተከተለችው።

ቡፋሎ፦ የዶሮዋ ሁለት ክንፍ

በተቋሙ ገርቲ የተሰጣት ቦታ ረዳት ፓቶሎጂስት የሚል ነው። የሚጠበቅባትም ማይክሮስኮፕ ማየት ነው። እሷ ግን ከካርል ጋር ስለ ስኳር ምርምር ጀመረች። የተቋሙ ኃላፊ ከባሏ ጋር መሥራቷን ካላቆመች ከሥራ እንደምትባረር አስጠነቀቃት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፣ ከዚያ መሥራቷን ቀጠለች። በቡፋሎ ቆይታቸው ባልና ሚስቱ በጋራ ወደ 50 የሚጠጉ ጽሑፎችን አሳትመዋል።

በዚያ ጊዜ ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ በርሊን ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር አግኝቶ ነበር። ከዕጢ የተቆረጠ ቀጭን ቁራጭ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ኦክስጅን እያለ እንኳን ግሉኮስን በብዛት እየወሰደ ወደ ላክቲክ አሲድ ይቀይረዋል። ጤነኛ ሕዋስ ይህን የሚያደርገው በአብዛኛው ኦክስጅን ሲያጥረው ነው። ጥያቄው ታዲያ በመስታወት ዕቃ ውስጥ የታየው ነገር በሕይወት ባለ እንስሳ ውስጥም ይሆናል ወይ የሚል ነበር።

ኮሪዎች ለዚህ ያዘጋጁት ሙከራ በጣም ቀላል ነው፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። በአንድ ክንፏ ላይ ብቻ ዕጢ ያለባት ዶሮ ወሰዱ። ከሁለቱም ክንፎች የሚመለሰውን የደም ሥር ደም ቀድተው አወዳደሩ። አንዲቱ ዶሮ ለራሷ መወዳደሪያ ሆነች ማለት ነው። ዕጢ ካለበት ክንፍ የሚመጣው ደም ስኳሩ ያነሰ፣ ላክቲክ አሲዱ የበዛ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በ1925 ታተመ። ዕጢው በሕይወት ባለ አካል ውስጥም ስኳር እየወሰደ ላክቲክ አሲድ ወደ ደም እንደሚለቅ ታየ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው። ይህ ሁሉ ላክቲክ አሲድ የት ይሄዳል?

ዑደቱና ወጪው

ገርቲና ካርል በአይጦች ላይ ለዓመታት ሠሩ። አይጧ የበላችውን ስኳር፣ ጉበቷ ውስጥ የተቀመጠውን፣ ጡንቻዋ ውስጥ ያለውን፣ የተቃጠለውን፣ ሁሉንም እየለኩ ሒሳቡን ማስተካከል ያዙ። ገርቲ በልኬት ጉዳይ ቀልድ የማታውቅ ነበረች፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ሙከራው ይደገማል። በ1929 ሙሉውን ሥዕል አቀረቡ። ጡንቻ ውስጥ ያለው ግላይኮጅን ተሰባብሮ ላክቲክ አሲድ ይሆናል፤ ላክቲክ አሲዱ በደም ጉበት ይደርሳል፤ ጉበት ወደ ግሉኮስ ይመልሰዋል፤ ግሉኮሱ በደም ጡንቻ ይገባል። የኮሪ ዑደት የምንለው ይኸው ነው።

ለሯጭ ይህ ዑደት መድኃኒት ነው። ጡንቻው ኦክስጅን ሲያጥረው ለጊዜው ጉልበት ያገኛል፣ የተረፈውን ጉበት ያጸዳለታል። ነገር ግን ነጻ አይደለም። ዛሬ በምናውቀው ስሌት አንድ ግሉኮስ ወደ ላክቲክ አሲድ ሲቀየር 2 ኤቲፒ ይገኛል። ጉበት ያንን ላክቲክ አሲድ ወደ ግሉኮስ ለመመለስ ደግሞ 6 ኤቲፒ ያወጣል። ሁለት ብር ለማግኘት ስድስት ብር ማውጣት ማለት ነው። ሯጩ ሮጦ ሲያበቃ ወጪው ይቆማል፤ አርፎ፣ በልቶ ይተካዋል።

ካንሰር ያለበት ሰው ጋ ግን ሩጫው አይቆምም። ዕጢው ቀንም ሌሊትም ስኳር ይወስዳል፣ ላክቲክ አሲድ ይለቃል። ጉበትም ሥራው ነውና ያንን እየለቀመ እንደገና ስኳር ይሠራል፤ ስኳሩን ዕጢው እንደገና ይወስደዋል። ሁለቱ ብር የሚገባው ለዕጢው ነው፤ ስድስቱን የሚከፍለው ሕመምተኛው ነው። ሰውየው አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ ጉበቱ እየሮጠ ነው ማለት ይቻላል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በተደረጉ ጥናቶች ክብደት እየቀነሱ ባሉ የካንሰር ሕመምተኞች ይህ ዑደት ከወትሮው ፈጥኖ እንደሚሽከረከር ተለክቷል።

ዑደቱ ብቻውን አይደለም

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ነገሩ ሁሉ የኮሪ ዑደት ቢሆን ኖሮ፣ ጉበት ስኳር የሚሠራበትን መንገድ በመዝጋት ብቻ ሕመምተኛው መክሳቱን ባቆመ ነበር። ይህ ተሞክሯል። ሃይድራዚን ሰልፌት የሚባል ንጥረ ነገር በዚሁ ሐሳብ ለሕመምተኞች ተሰጥቶ ነበር፤ ሆኖም በ1994 የታተሙ ሦስት ትላልቅ ጥናቶች ጥቅም እንደሌለው አሳዩ። ስለዚህ ዑደቱ አንድ ቀዳዳ ነው እንጂ ማሰሮው ሌሎች ቀዳዳዎችም አሉት።

ሁለተኛው ቀዳዳ የሰውነት ብግነት ነው። ዕጢው፣ እንዲሁም ዕጢውን ለመዋጋት የሚነሱ የመከላከያ ሕዋሳት፣ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ከእነዚህ አንዱ ቲኤንኤፍ ሲሆን በ1980ዎቹ አጥኚዎች ካኬክቲን ብለውት ነበር፤ ካኬክሲያ ማለት ይኸው በሕመም የሚመጣ መክሳት ነው። ኢንተርሉኪን-1 እና ኢንተርሉኪን-6ም አብረው ይሠራሉ። እነዚህ መልእክቶች ጡንቻ ውስጥ ሲደርሱ የገዛ ፕሮቲኑን ምልክት አድርጎ ወደ መፍጫ የሚልከውን የዩቢኪቲንና የፕሮቲአሶም ሥርዓት ያፈጥኑታል፤ አዲስ ፕሮቲን መሥራቱ ደግሞ ይቀንሳል። የተሰባበረው ፕሮቲን አሚኖ አሲዶች ጉበት ሄደው እንደገና ግሉኮስ ይሆናሉ። ስቡም እንዲሁ ይቀልጣል።

ሦስተኛው የምግብ ፍላጎት ነው። አክስቴ ሁለት ጊዜ ቀምሳ የምትተወው በእልህ አልነበረም። ጂዲኤፍ-15 የሚባል ፕሮቲን በብዙ የካንሰር ሕመምተኞች ደም ውስጥ ይበዛል፤ በአንጎል ግንድ ውስጥ የሚቀበለው ተቀባይ በ2017 ታውቋል። ማቅለሽለሽንና ምግብ መጥላትን ያመጣል። ይህን ፕሮቲን የሚይዝ መድኃኒት በ187 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2024 ታትሟል፤ ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት በ12 ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ካልወሰዱት በአማካይ 2.8 ኪሎ ያህል በልጠው ተገኝተዋል። ከዚህ ሌላ ዕጢው ጉሮሮን ወይም አንጀትን ሲዘጋ፣ ቆሽት ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም ማውጣት ሲያቅተው፣ ሕመሙና ሕክምናው ራሱ አፍ ሲያቆስል፣ መክሳቱ ይብሳል።

በ2011 ባለሙያዎች በተስማሙበት ትርጓሜ መሠረት አንድ የካንሰር ሕመምተኛ በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ካጣ ካኬክሲያ ይባላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3 ኪሎ ማለት ነው። ዋናው ነጥብ ግን ይህ የጡንቻ መመንመን በተለመደው ምግብ ብቻ ሙሉ በሙሉ የማይመለስ መሆኑ ነው። ገርቲን ከቪየና ሕመሟ ያዳናት የፕራግ ማዕድ እዚህ ብቻውን አይበቃም። ይህ ማለት ምግብ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መመገብ፣ ማቅለሽለሹንና ሕመሙን ማስታገስ፣ ሐኪም ማማከር ይጠቅማል። በተቃራኒው ደግሞ ስኳር ዕጢውን ይመግበዋል በሚል ሕመምተኛን ማስራብ ስሕተት ነው። ከውጭ ስኳር ቢከለከል እንኳን ጉበት ከገዛ ጡንቻው ስኳር ይሠራል፤ የሚራበው ሰውየው ነው።

ሴንት ሉዊስ፦ የደመወዝ አንድ አሥረኛ

ወደ ገርቲ እንመለስ። ዑደቱ ከታወቀ በኋላ ካርልን የሚፈልጉ ዩኒቨርሲቲዎች በዙ፤ ሚስቱን የሚፈልግ ግን አልነበረም። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ካርልን ሊቀጥር የፈለገው ከሚስቱ ጋር መሥራቱን ካቆመ ብቻ ነው። ገርቲንም ለብቻዋ ጠርተው የባሏን ዕድገት እያደናቀፈች እንደሆነ ነገሯት። አልቅሳለች ይባላል። ካርል ግን ሥራውን አልቀበልም አለ።

በ1931 በሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሁለቱንም ተቀበለ። ካርል የፋርማኮሎጂ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ገርቲ የምርምር ረዳት ተባለች፤ ደመወዟም የባሏ አንድ አሥረኛ ነበር። ዲግሪያቸው አንድ፣ ቤተ ሙከራቸው አንድ፣ ጽሑፎቻቸው ላይ ስማቸው ጎን ለጎን፤ ደመወዙ ግን አንድ ለአሥር። በዚህ ሁኔታ ከ10 ዓመት በላይ ቆየች።

ሥራው ግን እዚህ ነው የበሰለው። በ1936 ግላይኮጅን ሲሰባበር መጀመሪያ የሚወጣውን ግሉኮስ-1-ፎስፌት አገኙ፤ ዛሬም የኮሪ ኤስተር ይባላል። በዚያው ዓመት ገርቲ በ40 ዓመቷ ቶም የሚባለውን አንድ ልጃቸውን ወለደች፤ እስከ መውለጃዋ ቀን አካባቢ ድረስም ከቤተ ሙከራ አልጠፋችም። ከዚያም ይህን ሥራ የሚሠራውን ፎስፎሪሌዝ የተባለ ኢንዛይም ለይተው በክሪስታል መልክ አወጡት፤ ግላይኮጅንንም በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሠሩ። ያን ጊዜ ይህን ያህል ትልቅ ሞለኪዩል ከሕያው አካል ውጭ መሥራት ይቻላል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር።

ቤተ ሙከራቸው የሊቃውንት መፍለቂያም ሆነ። በተለያየ ጊዜ እዚያ ከሠሩት መካከል ሴቬሮ ኦቾአ፣ አርተር ኮርንበርግ፣ ሉዊስ ሌሎይር፣ ኧርል ሰዘርላንድ፣ ክርስቲያን ደ ዱቭ እና ኤድዊን ክሬብስ በኋላ የየራሳቸውን የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ስድስት ሰዎች ናቸው።

በ1947 ገርቲ በመጨረሻ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነች፤ 51 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቶ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ከካርልና ከአርጀንቲናዊው በርናርዶ ኡሳይ ጋር የኖቤል ሽልማቱን ተጋራች። በሳይንስ ዘርፍ ኖቤል ያገኘች ሦስተኛዋ ሴት እሷ ነች፤ ከእሷ በፊት ማሪ ኩሪና ልጇ ኢረን ነበሩ።

የራሷ ሕመም

ያ የደስታ ዓመት የመርዶም ዓመት ነበር። በዚያው በ1947 ገርቲ ከካርል ጋር ሮኪ ተራሮች ላይ ሳለች ራሷን ሳተች። ምርመራው የአጥንቷ መቅኔ ወደ ጠባሳ እየተቀየረ፣ ደም መሥራት እያቃተው እንደሆነ አሳየ። በሽታው ማይሎፋይብሮሲስ ይባላል። ዛሬ ይህ በሽታ ከደም ካንሰር ዓይነቶች ተርታ ይመደባል፤ ክብደት መቀነስም ከተለመዱት ምልክቶቹ አንዱ ነው። በካንሰር ተቋም ሥራዋን የጀመረችው ሴት ዕጣዋ ወደዚያው መለሳት። ስቶክሆልም ሄዳ ሽልማቱን ስትቀበል ሕመሟን ታውቀዋለች።

ከዚያ በኋላ 10 ዓመት ኖረች። በየጊዜው ደም ይሰጣታል፤ ካርል የሄሞግሎቢኗን መጠን ይከታተላል። በቢሮዋ አነስተኛ አልጋ አስገብታ ሲደክማት ጋደም ትል ነበር፣ ሲሻላት ተነሥታ ትሠራለች። በጣም የሚገርመው ከምርጥ ሥራዎቿ አንዱ የተሠራው በዚህ ጊዜ ነው። በ1952 ከካርል ጋር፣ ፎን ጊርክ በሚባል በሽታ የሚታመሙ ሕፃናት ጉበት ግሉኮስ-6-ፎስፌቴዝ የተባለው ኢንዛይም እንደሚጎድለው አሳየች። በዘር የሚተላለፍ የሜታቦሊዝም በሽታ በአንድ ኢንዛይም መጥፋት እንደሚመጣ በሰው ላይ በማስረጃ የታየው ያን ጊዜ ነው። ሌላው የግላይኮጅን ክምችት በሽታ ዛሬም በስሟ የኮሪ በሽታ ይባላል።

ገርቲ ኮሪ ኦክቶበር 26 ቀን 1957 በቤቷ አረፈች፤ 61 ዓመቷ ነበር። ጨረቃና ቬነስ ላይ በስሟ የተጠሩ ጉድጓዶች አሉ። በ2008 የአሜሪካ ፖስታ ምስሏን በቴምብር አወጣ፤ አብሮ የተሣለው የኮሪ ኤስተር ቀመር ግን ትንሽ ስሕተት ነበረበት። እኛ ፈተና ላይ እንዲያ ብንስል ኖሮ ነጥብ ይቀነስብን ነበር!

ለማጠቃለል

የገርቲ ሥራ ለካንሰር ሕመምተኛ መክሳት ሙሉ መልስ አልሰጠም፤ እሷም እንደዚያ አላለችም። ያደረገችው በሰውነት ውስጥ የሚገባውንና የሚወጣውን በትክክል መቁጠር ነው። ያ ቁጠራ ነው በኋላ ለመጡት፣ ሕመምተኛው የሚከሳው ስላልበላ ብቻ ሳይሆን ሰውነቱ ከሚገባው በላይ ስለሚያወጣና የገዛ ጡንቻውን ስለሚያፈርስ መሆኑን እንዲያዩ በር የከፈተው።

በቅርቡ ቤት በሄድኩ ጊዜ ለእናቴ በደብተሬ ላይ ክቡን ሣልኩላት። ዕጢው እዚህ፣ ጉበቱ እዚህ፣ ሁለት ብር በዚህ ይገባል፣ ስድስት ብር በዚያ ይወጣል አልኳት። ኤቲፒ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ሾርባው ታዲያ የት ነበር የሚሄደው ብላ ግን ጠየቀች። በጣቴ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አይታው ደብተሩን ዘጋችና ቡና ልታፈላ ተነሣች። አምናኝ እንደሆነ እንጃ።

እኛ የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪዎች የምንሸመድዳቸው ቀስቶች ለፈተና ብቻ አይደሉም። በየቤታችን እንደ እናቴ ራሷን የምትወቅስ አስታማሚ አለች፤ ልናስረዳት የምንችለው እኛ ነን። በሉ እንግዲህ፣ የሚቀጥለውን ዑደት ስትሸመድዱ በማን ስም እንደተጠራ አንድ ጊዜ ጠይቁ። ቸር ይግጠመን።